የ1780 ብር የመስቀሉን ዕድሜ አይነግረንም

የአሮጌ የአንገት መስቀል ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር «ከ1780 ጠገራ ብር ስለተሠራ ከ200 ዓመት በላይ ነው» የሚል አስተያየት አይጠፋም፤ ዛሬም አነበብኩት። ይህ ግን አያስኬድም። ምስሏ በጠገራው ብር ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ገዥ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ ቆይቶም በሮምና በለንደን፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ታትሟል። አንጥረኛው ያቀለጠው የትኛውን እንደሆነ በምን እናውቃለን? መስቀሉ ውስጥ የሚቀረው 83 ከመቶ ገደማ ንጹሕ የሆነ ብር ብቻ ነው።

«ታዲያ ቅርጹስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን የላሊበላውም ሆነ የጎንደሩ ቅርጽ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ አንጥረኞቻችንም ስማቸውን እምብዛም አይቀርጹበትም። እኔ ይበልጥ የማምነው የመለበስን ምልክት ነው፦ ማተቡ የበላውን ማንጠልጠያ፣ ደረት ያለሰለሰውን ጀርባ፣ የጠርዞቹን መዶልዶም። በሞረድ ማስመሰል አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ሞረድ ግን የራሱን ጭረት ይተዋል። እርግጥ ይህም ቢሆን ቁርጥ ያለ ዓመት አይሰጥም፤ ብዙ መለበሱን ግን ይመሰክራል።

ቤታችሁ ያለውን መስቀል የሠራው አንጥረኛ ማን እንደነበር የምታውቁ አላችሁ? ስሙንና አገሩን እባካችሁ ጻፉልን።