ከዐጸደ ወይን የተገኘ ትምህርት

የአዲስ ቅዳም ሰው ስለ እርሻ ሲጨዋወት ዛፍን ከሰብል ለይቶ አያነሣም። ዲከረንስ የሚባለው፣ ከአውስትራልያ የመጣው የግራር ወገን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተለመደ ወዲህ ገበሬው እንደ እህል ይተክለዋል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ በሁለተኛው ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከሰሉም በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔም የተማርሁት በዚሁ ከሰል ገንዘብ ስለ ሆነ፣ በዛፉ ላይ ክፉ ለመናገር አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን በዚህ ዛፍ ላይ ዋግ ወረደበት። በ2015 ዓ.ም. በጋ አባቴ ስልክ ደውሎ፣ «ልጄ፣ ዛፉ በቁሙ እየደረቀ ነው፤ ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነገር ለብሷል። የተማርኸው ትምህርት ምን ይለዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ለጊዜው የምመልስለት ቃል አልነበረኝም።

ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ተማሪዎች የሆንነውን ሁሉ መምህራችን ለአንድ ቀን ጉብኝት ወደ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ወደ ዝዋይ፣ ወሰዱን። የጉዞው ምክንያት ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ በመጣ ችግኝ ያቋቋመውን ዐጸደ ወይን ለማየት ነበር። ግንዶቹ በሽቦ ላይ ተደግፈው እንደ ሰልፈኛ ተሰድረዋል። ጅብና ጉማሬ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ መቆፈሩን ሰማን። የወይን ጠጁን ማቆያ በርሜሎች ካየን በኋላ አንድ ጠርሙስ ላይ «አካሽያ» የሚል ስም አነበብን። ትርጓሜው ግራር ነውና ጓደኞቼ ወደ እኔ ዞረው፣ «የአገርህ ዛፍ ጠርሙስ ውስጥ ገባልህ!» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም አብሬአቸው ሳቅሁ፤ ልቤ ግን ከአባቴ ማሳ ላይ ነበር።

መምህራችን ከአንዱ ግንድ ሥር ቆመው የአውሮፓን ወይን ታሪክ አጫወቱን። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ዓመታት ፊሎክሴራ የሚባል ጥቃቅን ነፍሳት ከአሜሪካ ተሻግሮ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ እየመጠጠ አደረቀው፤ በ1879 ኢጣልያ ደረሰ። ገበሬው ማሳውን በውሃ አጥለቀለቀ፤ በመሬት ውስጥ መርዝ ጨመረ። በወይን ብቻ ይተዳደር የነበረው ብዙ ሕዝብ ደኽይቶ ቀዬውን ለቀቀ። በመጨረሻ ሊቃውንቱ ነፍሳቱን የሚቋቋመውን የአሜሪካ ወይን ሥር ወስደው የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በላዩ አዳቀሉበት። መድኃኒቱ በሽታው ከመጣበት አገር ተገኘ።

«መምህር፣ ለእኛ ዛፍስ እንዲህ ያለ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘመን ይፈልጋል። እስከዚያ አባትህ ምን ይበላል?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከጉብኝቱ ሁሉ በልጦ በልቤ ቀረ። የዕውቀት ፍሬ የሚደርሰው እንደ ወይን ፍሬ በብዙ ዓመት ድካም ነው፤ ረኃብ ግን የሊቃውንትን ምርመራ አይጠብቅም። ስለዚህ ገበሬ በሽታ ሳይመጣበት አስቀድሞ ሊጠነቀቅ የሚችለው ማሳውን ለአንድ ተክል ብቻ ባለመስጠት ነው። አንድ ምሰሶ ያለው ጎጆ ምሰሶው ሳይነቅዝ ያማረ ነው፤ የነቀዘ ዕለት ግን የሚደግፈው የለም። ዲከረንስ ቆላማ አይደለም፣ አሲዳማውን አፈር ያለመልማል፣ ገንዘብም ያመጣል፤ ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን ብቻውን መሆኑ ነው።

ለአባቴ ይህንኑ ነገርሁት። ከሁለቱ ቃዳ መሬታችን አንዱን ለድንችና ለገብስ፣ የወንዙን ዳር ለቀርከሃ እንዲያደርገው ለመንሁት። «ድንች የከሰልን ያህል ገንዘብ አያመጣም» ብሎ ብዙ ተከራከረኝ፤ እውነቱንም ነው። ሆኖም በክረምቱ አንዱን ቃዳ ድንች አለበሰው። በሁለተኛው ላይ ግን የደረቀውን ነቅሎ ዲከረንስ መልሶ ተከለበት። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ «ልጄን ያስተማረልኝን ዛፍ በአንድ ክረምት አልክደውም» አለኝ።