ባለ አንድ ዐይን ሰዎቼ ከየት መጡ?



ዛሬ፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ በር ተንኳኳ። አንድ ጩጬ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እጁ ላይ የወረቀት ክምር ይዞ ቆሟል። «እንኳን አደረሰዎት ጋሼ!» ብሎ አንዱን ዘረጋልኝ። መልአክ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ፣ በከለር ፕሪንተር የታተመ፣ ጠጉሩ የስዊድን ኳስ ተጫዋች የሚያስመስለው መልአክ።

«አንተ ነህ የሳልከው?»

«አይ፣ አባዬ ቢሮ ፕሪንት አድርጎልኝ ነው።»

ሐቀኛ ልጅ። ሃምሳ ብር ሰጠሁት። ሁለት እርምጃ ሄድ ብሎ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ በቴሌብርም ይቻላል» አለኝ። ልጨምርለት አሰብኩ እንዴ? ፊቴ ላይ ምን አይቶ ነው?

«ድሮ ቀረ» ልል አይደለም፤ ያን የሚሉ ሽማግሌዎች በቂ አሉን። ግን ልጁ ከሄደ ወዲህ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ የራሴን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ገበያ ሳስብ ረፈደብኝ።

እኛ ቤት ሥራው የሚጀመረው በፍልሰታ ነበር። ወረቀቱ ከደብተር መሐል ይገነጠላል፤ ከመሐል ከሆነ ሁለት ገጽ በአንዴ ይወጣል፣ አስተማሪም አይነቃም። ታላቅ ወንድሜ ንድፉን ያወጣል፣ እኔ ክንፍ እሞላለሁ። አረንጓዴው ቅጠል ተፈትጎ ነው። ቢጫው አደይ አበባ፤ እሷ ደግሞ የምትፈነዳው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ቢጫ ያለባቸው ሥዕሎች ሁሉ ጳጉሜን ላይ በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። ጥቁሩ የድስት ጥላሸት፣ ቀዩ እስክሪብቶ። ቀይ እስክሪብቶ ያለው ልጅ ያኔ ባለሀብት ነው፤ ሰይፉ ላይ ደም ማንጠባጠብ የሚችለው እሱ ብቻ ነዋ።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የምንወዳቸው ስሙኒውን ሰጥተው «ውሰደው ልጄ፣ ለሌላ ሰው ስጠው» የሚሉትን ነበር። ሥዕል ሁለት ጊዜ መሸጥ የተማርኩት ከነሱ ነው። የማከብራቸው ግን ሌላ እትዬ ናቸው። ሚካኤሌን በሊጥ ግድግዳቸው ላይ ለጠፉት። ዓመቱን ሙሉ የማድቤቱ ጭስ እየጠጣ ቡናማ ሆነ። እንደዚያ ያለ ቫርኒሽ በገንዘብም አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዘወትሩ ጥያቄያችሁ። «ሥዕሎችህ ውስጥ ያሉት ሰዎች ለምን ባለ አንድ ዐይን ሆኑ?» ባለፈው አንድ ውጭ አገር ያለ ጸሐፊ ከፒካሶ ነው ብሎ ጽፎልኛል። ይሁን፣ ፒካሶም ይመስገን፤ እነሱ ግን የመጡት ከልጅነቴ ነው።

ጎንደር ላደገ ልጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲኒማ ነው። ቅዳሴው ረጅም፣ እግሬ አጭር። ጣሪያው ሙሉ ክንፍ ያላቸው ፊቶች ናቸው፣ ሁሉም ዐይናቸውን አፍጥጠው። አንዱ ኳሳችንን አልመልስ የሚሉትን ጎረቤት ቁርጥ ነበር፤ እሱን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይቺን ቤተ ክርስቲያን ንብ ተነሥቶ አዳናት ሲሉ ስለምሰማ መጀመሪያ የፈለግሁት ንቦቹን ነበር። አላገኘሁም። ያገኘሁት ኃጥኣኑን ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ሕግ ታውቃላችሁ፤ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ኃጥእ በጎን። ጻድቃኑ ቆመው ያዩኛል፣ እኔም ያጠፋሁትን ሁሉ ያወቁብኝ ይመስለኛል። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች ግን ሥራ ላይ ናቸው! ጥርሳቸው ይታያል፣ ይሮጣሉ፣ ይጎነበሳሉ፤ በዚያች አንድ ዐይናቸው ደግሞ እኔን የሚያዩበት ጊዜ የላቸውም። ከነሱ ጋር ተመቸኝ። እስከ ዛሬም እንደተመቸኝ ነው።

ይህን ለአንድ የሆቴል ባለቤት ማስረዳት ግን አልቻልኩም። «ጎንደርን የሚያሳይ ነገር ሣልልኝ» ብሎ ሰፊ ግድግዳ ሰጠኝ። ግብር የሚበላ ሠራዊት ሣልኩለት፤ ጥግ ላይ አንድ ሰውዬ በጎን ተቀምጧል። መጣና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ዐይኑ ምን ሆኖ ነው? እንግዳ ይቀፈዋል፤ ሁለተኛዋን ጨምርለት» አለኝ። በጎን የተቀመጠ ሰው ሁለተኛ ዐይኑ ወዲያ ማዶ ነው ብልም አልሰማ አለ። በመጨረሻ ጥቁር መነጽር አደረግሁለት። ባለቤቱ ደስ አለው፤ «አሁን ዘመናዊ ሆነ!» በዐፄዎቹ ግብር ላይ መነጽር ያደረገ ብቸኛ ሰው የኔ ነው። ነበር። ቆይተው ሴራሚክ ለጠፉበት፤ ለማጽዳት ይቀላል አሉ። ቀሪ ሂሳቤንም አብረው ሳይለጥፉበት አልቀሩም።

ለምን እንደዚህ እንደሚያንገበግበኝ አላውቅም። ግድግዳ የሸፈኑብኝ ሌሎችም አሉ።

ስለ ትላልቆቹ ሠዓሊዎች ስትጠይቁኝ አፈወርቅ ተክሌን፣ ገብረ ክርስቶስን፣ እስክንድር ቦጎስያንን እጠራለሁ፤ ከልቤ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ በዚያ የአፈወርቅ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ሥር ቆሞ አፉን የማይዘጋ ካለ እሱ ሠዓሊ አይደለም። ግን እነሱን ያወቅሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ እሳቸው ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ዘር መሆናቸውን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። የሸሸሁት መስሎኝ ነበራ! ያን ቀን ማታ ወታደሮቼን ከትዝታ ሣልኳቸው፤ በጎን፣ ከነጥርሳቸው። አልተለዩኝም።

የሆቴሉ ባለቤት ይሄን ካነበብክ የባንክ ሂሳብ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ዶሮው ደረሰ እየተባልኩ ነው፣ ቻው።