የእናታችን ዘመን አቆጣጠር

እናታችን ከቅዳሴ ስትመለስ አውራውን መንገድ ትታ በቁጥቋጦው በኩል ትመጣ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አጋም፣ ቀጋና እንጆሪ ትይዝልናለች። አጋሙ ካልጠቆረ አትቆርጠውም፤ የጥሬው ወተት ከንፈር ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃልና። ቀጋውንም ሰንጥቃ፣ ፀጉራሙን ዘር በጥፍሯ ጠርጋ ነው የምትሰጠን።

ታሪክም የምታወጋን በዚያው ሰዓት ነበር። ዓመተ ምሕረት አትጠራም፤ በዓል እንጂ። ዓድዋ ለእርሷ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በመድኃኔ ዓለም፣ ንጉሡም የተመለሱት በመድኃኔ ዓለም ነው ትላለች። እኛ የፖለቲካ ሳይንስ ጀማሪ ሆነን ለዕረፍት የሄድን ጊዜ፣ ይህ ተረት ነው፣ ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው የመሬት ይዞታና የመደብ ግጭት ነው ብለን በጎረቤት ፊት አረምናት። መልስ አልሰጠችም። ቋጠሮዋን ፈትታ ፍሬውን አካፈለችን።

የካቲት 23 ቀን 1888 ጊዮርጊስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 እና 1933 ዓ.ም. ሁለቱም መድኃኔ ዓለም መሆናቸውን ያረጋገጥነው በስደት፣ በባዕድ ቤተ መጻሕፍት፣ የፈረንጁን ቀን ወደ አገራችን ስንመልስ ነው። አንባቢ ይፍረደን። ስለ መሬቱስ ቢሆን፣ እሾህ የሚወጋውን ቁልቋል እያሳየች «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ስትል፣ ስለ ማን እንደምትናገር አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናት አናውቅም።

ዘንድሮ በፍልሰታ ሰሞን ደውለን ይቅርታ ልንጠይቃት ጀመርን። አላስጨረሰችንም። «እዚያስ አጋም አለ ወይ?» አለች። እንጆሪ የሚመስል ጥቁር ፍሬ በባቡር ሐዲዱ አጥር ላይ መብሰሉን ነገርናት። ቅዳሴ ሳይወጣ እንዳንቀምስ አስጠንቅቃ፣ እሾሁ ወደ የት እንደሚታጠፍ ትጠይቀን ጀመር።