«መድኃኒቱ ተገኘ» ሲባል

ነቀርሳ አንድ በሽታ ይመስል «መድኃኒቱ ተገኘ» የሚለው ወሬ በየጥቂት ዓመቱ ይነሣል። እኛ የሕክምና ተማሪዎች በዚህ ነገር በየመኝታ ክፍላችን ስንከራከር ብዙ ሌሊት አምሽተናል፤ አሳባችንንም ለጓደኞቻችን ለማካፈል ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሰውነታችን ሴሎች በሽታን ሲከላከሉ እርስ በርሳቸው የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች አሏቸው። ከነዚህ አንዱን አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ሊቃውንት በ1957 ለንደን ላይ አገኙና፣ ቫይረስ እንዳይራባ ጣልቃ ስለሚገባ ኢንተርፌሮን አሉት። ቆይቶም ነቀርሳን ይገታ ይሆናል የሚል ተስፋ ተነሣ። ችግሩ ግን የሚሞከረውን ያህል ማግኘቱ ነበር። ካሪ ካንቴል ሄልሲንኪ ላይ ለጋሾች ከሰጡት ደም ነጩን ሴል እየለየ ያወጣ ነበር፤ ከብዙ ሺሕ ሊትር ደም የሚገኘው ንጹሕ ኢንተርፌሮን ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ይህም ሆኖ የአሜሪካ የነቀርሳ ማኅበር በ1978 ለሙከራ የሚሆነውን ለመግዛት 2 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ በ1980 ታይም መጽሔት በሽፋኑ ላይ አወጣው። በኋላ በባክቴሪያ ማምረት ተችሎ በብዙ ሰው ላይ ሲሞከር ሁሉን የሚያድን ሆኖ አልተገኘም። በ1986 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለአንድ ብርቅ የደም ነቀርሳ ነበር።

ለበዓል ወደየቤታችን ስንሄድ «እውነት ነው ወይ፣ ልጄ?» ብለው የሚጠይቁን እናቶች ብዙውን ጊዜ የሚያስታምሙት ሰው አለባቸው። እኛም ከመመለሳችን በፊት «ሕመሙ የት ላይ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ይህ ጥያቄ ጋዜጣ ላይ ሲነሣ አናይም።

ኢንተርሊውኪን-2 የሚባለውን ደግሞ ስቲቨን ሮዘንበርግ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ሞክሮ ሳይሳካለት ከቆየ በኋላ፣ በ1984 ሜላኖማ የተሠራጨባት አንዲት ሴት ዳነች። በ1992 ለኩላሊት ነቀርሳ ሲፈቀድ እብጠቱ የቀነሰላቸው ከ100 ሰዎች 15 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ፈጽሞ የጠፋላቸውማ ከ10 አንድ አይሞሉም። መድኃኒቱም ፈሳሽ ከደም ሥር እንዲሾልክ ስለሚያደርግ የደም ግፊት ይወድቃል፤ ያለ ሆስፒታል ጥብቅ ክትትል አይሰጥም። አንዳንዶቻችን «ይህ ምኑ መድኃኒት ነው?» ይላሉ። ነገር ግን ፈጽሞ ከጠፋላቸው ብዙዎቹ በሽታው ሳይመለስባቸው ለዓመታት ኖረዋል፤ እነዚህን ከቁጥር ማሳነስ ለእኛ አይዋጥልንም።

በዛሬው ጊዜ ለነዚህ ሁለት ነቀርሳዎች የሚቀድመው የመከላከያ ሴሎችን ልጓም የሚፈታው መድኃኒት ነው፤ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ ለዚሁ መንገድ በከፈተው ግኝታቸው በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስለዚህኛው ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።