ሐሙስ ገጹ፣ ቅዳሜ ዜናው

በዚህ እትም ስለ አንድ ትንሽ ሥራችን እናጫውታችሁ።

እኛ አምስት ነን፤ ሦስታችን ሶፍትዌር፣ ሁለታችን ኤሌክትሪካል። በትርፍ ጊዜያችን በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የሚያገለግል፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የኪቦርድ ፕሮጀክት ውስጥ እናገለግላለን። ኮዱን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው። እኛ የያዝነው ማንም የማይሻማበትን ነው፤ ወርሃዊውን ኒውስሌተርና ዊኪውን። ሰው ሲሰማ «ይሄማ የጸሐፊ ሥራ ነው» ይለናል። ይበል።

ዊኪ ማንኛውም አባል ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው ገጽ ነው። ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ሲያወጣ ስሙን የወሰደው በሆኖሉሉ አየር ማረፊያ ከሚመላለስ አውቶቡስ ነው፤ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው። መድረሳ ያሳለፈ ሰው ሉሁን ያስታውሳል፤ ይጻፍበታል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፍበታል። ዊኪም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የታጠበውን አለመርሳቱ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ኒውስሌተር ግን አንዴ ከተላከ ተላከ ነው፤ ከሰው ኢሜይል ውስጥ ገብቶ የሚያርመው የለም።

የሁለቱ አለመነጋገር ምን እንደሚያስከትል ያየነው በዶርም ጎረቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የወጣው ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ 28 ፊደላትን ጨምሯል። ፕሮጀክቱም ቆይቶ ፊደላቱን አስገባ፣ ኒውስሌተሩም አበሰረ። ዊኪው ግን «እነዚህ ፊደላት ገና አልገቡም» እያለ ወራት ተቀመጠ። እኛ ያኔ ገና አልተቀላቀልንም ነበር። ጎረቤታችን የአያቱን ተረቶች በቋንቋው እየጻፈ ስለነበር ኪቦርድ ሲፈልግ ያገኘው ዊኪውን ነው። አነበበና ተስፋ ቆረጠ። ከዚያ በየጎደለው ፊደል ፋንታ በድምፅ የሚቀርበውን የአማርኛ ፊደል እየተካ 60 ገጽ ጻፈ። አሁን ያንን በፕሮግራም አስተካክሉልኝ ቢለን አንችልም። ሁለት የተለያዩ ድምፆች አንድ ፊደል ላይ ከወደቁ በኋላ የትኛው የቱ እንደነበር የሚያውቀው እሱና አያቱ ብቻ ናቸው። ቃል በቃል እያነበበ በእጁ እያረመ ነው።

ዜናው የደረሰው ለነባር አባላት ነው፤ እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ቀድመው ሰምተውታል። አዲስ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ዊኪውን ነው። ስለዚህ ሥራውን ስንረከብ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ሐሙስ ማታ ገጾቹን እናድሳለን፤ ዜናው የሚወጣው ቅዳሜ ነው። አንድ ነገር ተለውጧል የሚል ዜና ሁሉ የታደሰውን ገጽ ሊንክ ይዞ ይወጣል፤ ገጹ ካልታደሰ ዜናው ለሚቀጥለው ወር ያድራል። ምስጋናና የስብሰባ ጥሪ ገጽ አያስፈልጋቸውም፤ ሁሉን ነገር ዊኪ ላይ መከመርም ሌላ በሽታ ነው።

ረቂቁንም የምናዘጋጀው እዚያው ዊኪው ላይ ነው። ይህን ያየነው ከዊኪሚዲያ «ቴክ ኒውስ» ነው። ከ2013 ጀምሮ በየሳምንቱ በክፍት የዊኪ ገጽ ላይ ይዘጋጃል፤ ሰኞ ከመውጣቱ ቀደም ብሎ ጽሑፉ እንዳይነካ ይደረግና ተርጓሚዎች ይረከቡታል። እኛም አርብን እንዲህ እንጠብቀዋለን። ከኮድ ጸሐፊዎቹ አንዱ «ቢሮክራሲ አመጣችሁብን» ብሎ ተቆጥቶናል። ባለፈው ወር የአዲሱን ፎንት ዜና አስቀርተንበት ነበር፤ ገጹን መጻፍ የሚችለው ሰው ፈተና ላይ ነበረና። ቁጣው ይገባናል፤ ሰው ለፍቶ የሠራው ወዲያው እንዲነገርለት ይፈልጋል። ግን የጎረቤታችን 60 ገጽ ከፊታችን አለ።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ዴቢያንን የሚያህል ማህበረሰብ እንኳ በ1999 የጀመረው ሳምንታዊ ዜና በ2007 ቆሞበት፣ በ2008 በሌላ ስም ነው የመለሰው። የእኛ ደግሞ የተማሪ ሥራ ነው፤ ከአምስታችን ሦስታችን ኢንሻአላህ በሰኔ እንመረቃለን። ስለዚህ የኒውስሌተሩን አዘገጃጀት ራሱን ዊኪ ላይ እየጻፍነው ነው፤ ረቂቁ የት እንደሚከፈት፣ የትኛው ገጽ በማን እንደሚታይ፣ የመላኪያው ይለፍ ቃል ማን ዘንድ እንዳለ። በቅርቡ አንዲት የሁለተኛ ዓመት እህት ያንን ገጽ ብቻ ይዛ አንድ እትም እንድታዘጋጅ ሰጠናት፤ እኛ ከጎኗ ተቀምጠን ዝም አልን። ሦስት ቦታ ላይ መመሪያችን አልገባትም፣ ቆመች። ሦስቱንም ጠይቃ ከተረዳች በኋላ ገጹን ከፍታ በራሷ አማርኛ ጻፈቻቸው።