ሃርድቶፔን ከፍ አደረግኩ፤ እናቴን ከታች ተውኳት!

እዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታነቡት ስለከዳ ፍቅረኛ፣ ስላልተመለሰ ብድር፣ ስላማረረ አከራይ ነው። የኔ ጉዳይ ግን መኪና ነው። «ስለ መኪና ደግሞ ምን የሚያማክር ነገር አለው?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ቁመናዋን አሳምራለሁ ብዬ ወላጅ እናቴን ከገዛ መኪናዋ ያስወረድኩ ሰው ነኝና እስቲ ታገሱኝ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ላንድ ክሩዘር፣ እኛ አገር «ሃርድቶፕ» የምንላት፣ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የምትሄድ። አባቴ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎችን ይዞ ገጠር ለገጠር ሲዞር የኖረ ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ይችን መኪና በጨረታ ገዛት። እሱ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁልፏ ለኔ ደረሰኝ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «የአባትህ መኪና» ነው የምትላት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያያት ሁሉ «አትሸጣትም?» ማለት አበዛ። እኔም ልቤ አበጠ።

ሁሉም ነገር የጀመረው ከአንድ ጓደኛዬ ስልክ ነው። የአውስትራሊያ በረሃ ላይ የሚጋልቡ ሃርድቶፖች፣ ጎማቸው የሰው ደረት የሚደርስ፣ ጣራቸው ላይ ድንኳን የተዘረጋ… እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ! የኔዋ ከነሱ ጋር አንድ ዘር ሆና ሳለ የወረዳ ጤና ጣቢያ መኪና መስላ ቆማ አየኋት። የሁለት ዓመት እቁቤ ሲደርሰኝ ቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ።

መጀመሪያ ጎማ። አባቴ የተወላት ቀጭኗ 7.50-16 ነበረች፤ ቁመቷ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቷ ከአንድ ስንዝር ያልበለጠ። እሷን አውልቄ 35 ኢንች የሚባለውን አስገባሁ። ቁመቱ 89 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ31 ሳንቲ ሜትር በላይ! ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ መኪናዋ ከፍ ማለት አለባት ተባልኩ። ትክክለኛውን ባሌስትራ ከነሾክ አብዞርበሩ ለመግዛት ገንዘቡ ስላልበቃኝ በያጁ ጋ ሄጄ በነበረው ላይ ቅጠል አስጨመርኩ። ከፊት ከወፍራም ብረት የተበየደ መከላከያ፣ ከላይ ፖርቶ መጋላ፣ በላዩ ስድስት ፓውዛ፣ ሁለት ባዶ ጀሪካን (ባዶ ነው የምላችሁ! ሞልቼው አላውቅም)። ከቀኝ በኩል ደግሞ ያ ወደ ላይ የሚወጣው የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ ስኖርክል። በመጨረሻም ከበሩ ሥር ያለውን መርገጫ አስነቀልኩ። ለምን ብትሉ መርገጫ የሽማግሌ መኪና ያስመስላል ተብሎ ነዋ!

ያን ቅዳሜ ቦሌ ስወጣ ብታዩኝ… የካፌ በረንዳ ሙሉ ሰው ቀና አለ። አንዷ ልጅ ፎቶ ልነሳ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። እንደዚያ ቀን የታየሁበት ቀን የለም።

ከዚያስ? ከዚያማ ጣጣው መጣ። መሪው ከበደ። ሽቅብ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ሲጎትታት የነበረው አሁን አንደኛ ይጠይቃል፤ ጎማው ሲረዝም ማርሹ ሁሉ አብሮ ይረዝማላ። የፍጥነት ቆጣሪው 60 ሲል እውነቱ 66 ነው። የኋላ በሯ ላይ የተንጠለጠለው ትርፍ ጎማ ከመክበዱ የተነሳ ማጠፊያውን አዘመመው፤ በሩን ለመዝጋት በትከሻ መግፋት ግድ ሆነ። ባሌስትራው ባዶ መኪና ላይ ስለደደረ በየጉድጓዱ እንደ ፍየል ትዘላለች። ናፍጣውንስ ተዉት። ይህን ሁሉ ግን ለማንም አልተነፈስኩም፤ «ተመቸችህ?» ለሚለኝ ሁሉ «ምርጥ ናት!» ነበር መልሴ።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ማክሰኞና ዓርብ ለፊዚዮቴራፒ የማደርሳት እኔ ነኝ። መኪናዋ ካማረች በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። እማዬ ወንበሩን አየችው፣ ወደ ታች መርገጫውን ፈለገች፣ የለም። «ታዲያ በምን ልውጣ ልጄ?» አለችኝ። ሳቅሁና ብብቷን ይዤ እንደ ጆንያ አነሳኋት። የጎረቤት ልጆች ቆመው ያያሉ። እሷም አብራ ሳቀች። ነጠላዋን እያስተካከለች «አደግክ ማለት ነው፣ ተሸከምከኝ» አለች። እኔ ቂሉ፣ የተደሰተች መሰለኝ።

ዓርብ ላይ «ቀጠሮዬ ተለውጧል፣ ሥራህን ሥራ» አለችኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንደዚያው። «ሐኪሟ አርፊ አለችኝ» አለች። እኔም ጊዜ ተረፈኝ ብዬ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጣሁ፣ ጭቃ ቀብተን ፎቶ ተነሳን። ሰባት ሳምንት እንዲህ ሆነ!

የጎረቤታችን ልጅ ናት ያወጣችው። ምንም ክፋት ሳይኖራት «እትዬን ዛሬ ራይዱ አስጠበቃቸው፣ ሁለቴ ደወልኩ» ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ለካስ እማዬ በሷ ስልክ እያስጠራች፣ ሂሳቡን ከዕድር ጓደኛዋ እየተበደረች ስትመላለስ ከርማለች። ቤት ገብቼ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ደስ ብሎህ አየሁህ። አባትህ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎህ አላየሁህም።»

በቃ ይኸው ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ አስተካከልክ? ብትሉኝ፣ አላስተካከልኩም። ታጣፊ በርጩማ ገዝቼ ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩ፣ ችግሩን የፈታሁ መሰለኝ። እቁቤ አልቋል፣ አፌም ሞልቶ «ተሳስቻለሁ» አይልም።

ነሐሴ ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም አረፈ። ለቅሶው አንኮበር አካባቢ ነው። እማዬን፣ ሁለት አክስቶቼንና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዤ ወጣሁ። በውስጤ «የመኪናዬ ቀን ደረሰ፣ አሁን ታሳያለች!» እያልኩ ነበር። ከደብረ ብርሃን አልፈን ከዋናው መንገድ ስንወጣ ጥቁር አፈር፣ ዝናብ የጠጣ። ያ ሰፊ ጎማ ጭቃውን በስቶ ጠንካራው መሬት ላይ ከመቆም ይልቅ እላዩ ላይ ተንሳፈፈ። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር እሷ ወደ ቀኝ ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ ገባች፤ አንዱ የፊት ጎማ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ቆመን ስንጨነቅ የገጠር ጤና ጣቢያ ሃርድቶፕ፣ አሮጌ፣ በዚያችው ባቃለልኳት ቀጭን ጎማ፣ ጭቃውን እየሰነጠቀ እልፍ ብሎን ሄደ። ሾፌሩ ፓውዛዎቼን ቆጥሮ ሳይስቅ አልቀረም።

የአገሬው ሰው ገፍቶ አወጣን። ትንሽ ሄደን ቁልቁለቱ ጀመረ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወደ ታች ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ያው ነው። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። ከኋላ አክስቶቼ ስለ ሟቹ እያወሩ ነው፣ የሚያውቁት ነገር የለም። እማዬ ግን ከጎኔ ናት፣ እግሬን አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አባትህ ቁልቁለት በማርሽ ነበር የሚወርደው» አለችኝ።

እንደምንም አንደኛ አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተያዘች። የቀረውን የኋላ ፍሬንና የእጅ ፍሬኑን እያገዝኩ መንገዱ ዳር ያለው አፈር ቁልል ላይ አሳረፍኳት። ወርጄ ሳይ የፊቱ የፍሬን ቱቦ ተቀዷል። መኪናዋን ከፍ ሳደርጋት ያ የጎማ ቱቦ በነበረበት ርዝመት ቀርቶ ነበር፤ ሰፊው ጎማ በታጠፈ ቁጥር ሲፍቀው ከርሞ፣ ጎማው ቦይ ላይ ሲንጠለጠል ተለጥጦ አለቀ። የፊትና የኋላ ፍሬን መስመር ለየብቻ ባይሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ አይኖርም ነበር። ለቅሶው የደረስነው በእግራችን ነው። እማዬ በዚያ ጉልበቷ…

አዲስ አበባ ስመለስ አባቴ የሚያሠራበት ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። አሳፍሮኝ ነበር ያልሄድኩት። ጋሼ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞሩና ስኖርክሉን በእጃቸው ያዝ አድርገው ሳብ አደረጉት። ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ! ለካስ በማጣበቂያ ነው የተለጠፈው። ከኋላው ቀዳዳ እንኳን የለም። ሞተሩ አየር የሚስበው ድሮ ከሚስብበት ነው።

«ይህን አምነህ ወንዝ ገብተህ ቢሆን ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ቢየላው ይታጠፍ ነበር» አሉኝ። «አንተ ጎረምሳ፣ ማማር ክፉ አይደለም። አባትህም ሁልጊዜ ነበር የሚወለውላት። ግን አንዱን ስትነካ የሚከተለውን ጠይቅ። ጎማ ስትጨምር ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ኩሽኔታውን ጠይቅ። ጣራ ላይ ስትጭን ጥምዝ መንገድ ላይ ምን ትሆናለች ብለህ ጠይቅ። ጎማ ጫማ ነው፤ የት እንደምትሄድ ሳታውቅ ጫማ ትገዛለህ?»

ያንን 35 ሸጥኩት፣ በኪሳራ። እናንተም እንደኔ መኪና የሚያሳምማችሁ ከሆናችሁ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ውሰዱትም ተዉትም። 33 ኢንች፣ ጠበብ ያለውን አስገባሁ፤ ከአባቴ ጎማ ወደ አራት ሳንቲ ሜትር ነው የሚበልጠው። የተጨመረውን ቅጠል አስወጥቼ ለመኪናዋ ክብደት የሚስማማ ባሌስትራ ከነሾኩ፣ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦም አስገጠምኩ፤ ከድሮዋ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አለች። ለዚህ ሌላ እቁብ መግባት ነበረብኝ። ከስድስቱ ፓውዛ ሁለቱን አስቀረሁ፣ በሪሌ የታሰሩ፣ ከተማ ውስጥ የማይበሩ። ፖርቶ መጋላው ወረደ። ከባዱ መከላከያ ግን አለ። ጋሼ አልወደዱትም፣ እኔ ግን እወደዋለሁ፣ በዚህ አልተስማማንም።

ቸርኬዎቹ የድሮዎቹ የብረት ናቸው፣ ነጭ ቀባኋቸው። በዚህ ወር እንኳ ሁለት ሰው አስቁሞኝ «የት አሠራሃት?» ብሎኛል።

መርገጫው ላይ ጊዜ ወሰድን። ጋሼ ከቱቦ ብረት ሁለት ደረጃ አድርገው በየዱት፤ ድንጋይ እንዳይመታው ከሻንሲው ጋር ተጠግቶ፣ ጫማ እንዳያንሸራትት ላዩ ሸካራ ላሜራ የለበሰ። ከበሩ ምሰሶ ላይ ደግሞ መያዣ። «እናትህን አምጣና እንለካ» አሉኝ። እማዬ መጣች፤ ጋሼ እንደ ልብስ ሰፊ ጉልበቷ እስከምን እንደሚነሳ አይተው በጠመኔ ምልክት አደረጉ።

ያለፈው ማክሰኞ በሩን ከፍቼ ዘወር አልኩ፤ እንዳልረዳት አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች። መያዣውን ጨበጠች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና በመስኮቱ ተመለከተች።

«ከፍ ማለቱስ ጥሩ ነው» አለችኝ። «የእነ እትዬን ጓሮ አየሁት። ጎመኑን ሳይኮተኩቱት ነው የከረሙት።»