ከሮም ለጋሼ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ የእትዬስ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ ከእግሬ ድካም በቀር ደህና ነኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎ።

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። ለእርስዎ ማን እንደሆኑ አልነግርም፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። የሆቴላችንን እንግዳ ተቀባይ ብጠይቀው፣ ሮም ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ «የድሮ ጦርነት መሰለኝ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። በየቀኑ እዚያ አውቶቡስ የሚሳፈረው እሱ፣ ስሙ የሚከነክነኝ እኔ! መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከጣቢያው ብዙ አይርቅም፤ የሟቾቹ ስም ከተጻፈበት መሠረት በላይ የቆመው ድንጋይ ከግብፅ የመጣ የራምሴስ ዘመን ሹል ሐውልት ነው። አፍሪካን ሊወርሩ ሄደው ለሞቱ ሰዎች የአፍሪካ ድንጋይ አቆሙላቸው።

በሰሜን በኩል ደግሞ «የአፍሪካ ሰፈር» የሚባል አለ። የኢትዮጵያ ጎዳና፣ የኤርትራ ጎዳና፣ የሶማሊያ ጎዳና፣ የሊቢያ ጎዳና፤ የግዛታቸውን ካርታ አስፋልት ላይ ዘርግተውታል። ሰዉ ጫማ ይገዛበታል፣ አይስክሬም ይበላበታል። ስማችንን አልደበቁም፤ ታሪኩን ነው የደበቁት። እንዲህ ያለ መደበቂያ አይቼ አላውቅም።

ይበልጥ ያቆየኝ ግን ሳን ጆቫኒ አጠገብ ያለው የአምባ አራዳም መንገድ ነው። የካቲት 1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር የመርዝ ጋዝ የወረደበትን ተራራ ስም የከተማ መንገድ ላይ ሰቅለውታል። ጋዙን መጠቀማቸውን የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። አዲሱን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም በዚሁ ስም ሊጠሩት ነበር። በ2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ አሜሪካ ውስጥ በተገደለበት በጋ፣ ወጣቶች ተነስተው በጆርጆ ማሪንኮላ ስም ይሰየም አሉ፤ የከተማው ምክር ቤትም ተስማማ።

ማሪንኮላ ማን ነው? አባቱ ጣሊያናዊ የጦር ሰው፣ እናቱ ሶማሌ። በ1923 ሶማሊያ ተወልዶ ጣሊያን አደገ፣ ሮም ሕክምና ይማር ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ሊወጋ ከአርበኞች ጋር ተሰለፈ። በፈረንጆቹ ግንቦት 4 ቀን 1945፣ ጣሊያን ውስጥ ጦርነቱ አበቃ ከተባለ በኋላ፣ ሲያፈገፍጉ የነበሩ የናዚ ኤስ ኤስ ወታደሮች በሰሜኑ ክፍል ገደሉት። ጥቁር ጣሊያናዊ ለጣሊያን ነፃነት ሞተ፤ ግን ስንቱ የሮም ልጅ ስሙን ሰምቷል? ጣቢያው በመጨረሻ ሲከፈት የተሰየመውም «ፖርታ ሜትሮኒያ» ተብሎ ነው። ለማንም የማይጎረብጥ ስም።

የአክሱም ሐውልታችን ቆሞበት የነበረውን ፖርታ ካፔናንም አየሁ። አጠገቡ ያለው፣ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረው ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። በ1947 እንመልሳለን ብለው ፈርመው ሐውልቱ አክሱም የገባው በ2005 መሆኑን እርስዎም ያስታውሳሉ፤ ያን ቀን ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው ሰፈሩን ሁሉ አስፈነደቁ።

አፊሌ ለመሄድ አስቤ ተውኩት። ለግራዚያኒ በ2012 በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ የሠሩለት የገጠር ከተማ ነው። በ2012፣ ጋሼ! የየካቲት 12ቱን ጭፍጨፋ ሰው! ገንዘቤን ለዚያ አውቶቡስ አልከፍልም ብዬ እራት በላሁበት።

ይህን ሁሉ የሚያነሱት በብዛት እዚሁ ያደጉ ጥቁር ጣሊያኖች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ሮም የተወለደችው የሶማሌ ልጅ ኢጂያባ ሼጎ ነች፤ ከፎቶግራፍ አንሺው ከሪኖ ቢያንኪ ጋር በ2014 «የተካደችው ሮም» የሚል መጽሐፍ አውጥታለች፤ እነዚህኑ ቦታዎች እየዞረች ነው የጻፈችው። ገዝቼልዎታለሁ። ጣሊያንኛዎ ዝጎ እንደሆነ ፎቶዎቹን ያያሉ፤ ለእትዬ የጉልበት ቅባትም ጨምሬበታለሁ።

ልጅዎ